የመጨረሻው ተጠቃሚ ማን ነው?

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከወትሮው ጨዋታችን ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቅጽ ነው፤ አራት ገጽ ከሆነ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ተራ ቅጽ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2012 በአንድ የእንስሳት በሽታ ምርምር ተቋም የግዥ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ቤተ ሙከራው አንድ መሣሪያ ፈለገ፤ ናሙናን አቀዝቅዞ አየር በሌለበት የሚያደርቅ ማሽን። የባክቴሪያ ዘር በዚህ ማሽን ከደረቀ በኋላ በትንሽ ብልቃጥ ይታሸግና ለዓመታት ይቀመጣል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣው ሞቀ ብሎ መሳቀቅ ይቀራል። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ የውጭ ምንዛሪ ተለምኖ ተገኘ፣ ኤልሲ ተከፈተ። ሁሉም አለቀ ስንል ከአውሮጳው ሻጭ ያ ቅጽ መጣ። ዕቃው ለምን ሥራ ይውላል? የት ሕንፃ ውስጥ ይተከላል? ለኬሚካል፣ ለባዮሎጂካል፣ ለኑክሌር መሣሪያ ወይም ለሚሳይል ሥራ እንደማይውል ቃል ትገባላችሁን? ያለ ፈቃድ ለሌላ አገር አሳልፋችሁ እንደማትሸጡስ? ከዚያም በተራው፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ ማን ነው?

ቅጹን ይዤ ወደ ቤተ ሙከራው ኃላፊ ሄድሁ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት የቀራቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና ጥያቄውን ደግመው አነበቡት።

«የመጨረሻው ተጠቃሚ? በሬው ነዋ!» አሉ። «እኛማ መካከል ላይ ነን። ማሽኑን ሻጩ ይሸጣል፣ እኛ እንገዛለን፣ ክትባቱ ተሠርቶ በመጨረሻ የሚያርፈው በሬው ላይ አይደለም እንዴ?» በዚያው እርሳሳቸውን አንሥተው በሣጥኑ ውስጥ «በሬው» ብለው ጻፉ። ከልብ ሳቅን። ቢሮዬ ተመልሼ በላጲስ አጠፋሁትና የተቋሙን ስም በታይፕ አስገባሁ። ማኅተም ተደርጎበት ተላከ። ማሽኑ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ደረሰ።

ያን ጊዜ በቅጹ ተናድጄ ነበር። ድሀ አገር፣ ከብቶቿን ለማከም አንድ ማሽን ብትገዛ እንደ ወንጀለኛ ትጠየቃለች ብዬ ያልነገርሁት ሰው የለም። ቆይቼ ሳነብ ግን ጥያቄው ከንቱ እንዳልሆነ ገባኝ። ቤተ ሙከራችን ከሚታገላቸው በሽታዎች አንዱ አባ ሠንጋ ነው። በ2001 በአሜሪካ በፖስታ እየታሸገ ተልኮ አምስት ሰዎችን የገደለው ዱቄት ያው አባ ሠንጋ ነበር። ጀርሙን ለክትባት የሚያደርቀው ማሽንና ለግድያ የሚያደርቀው ማሽን አንድ ናቸው፤ ብረቱ አይለይም።

ስለ ኬሚካሉ ደግሞ የኢራቅን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለም። በ1984 የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች በኢራንና በኢራቅ ጦርነት የኬሚካል መሣሪያ መጣሉን አረጋገጡ። መዋጮው ከየት መጣ ተብሎ ሲጣራ፣ አብዛኛው ከምዕራብ ኩባንያዎች በሕጋዊ ንግድ የተገዛ ሆኖ ተገኘ። በ1985 በአውስትራሊያ አሳሳቢነት መንግሥታት ተሰብስበው የትኛው ኬሚካል፣ ቆይቶም የትኛው ማሽን ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በአንድ ዝርዝር ተስማሙ። የአውስትራሊያ ቡድን የሚባለው ይህ ነው፤ የእኛም ማሽን ቅጽ የመነጨው ከዚያ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ለሐለብጃ አልደረሰም፤ በመጋቢት 1988 በዚያች የኩርዶች ከተማ ላይ በወረደው መርዝ እስከ 5,000 የሚገመት ሕዝብ አለቀ። ፍራንስ ፋን አንራት የሚባል ሆላንዳዊ ነጋዴ ለኢራቅ ቲዮዲግላይኮል ሲሸጥ ኖሯል። ይህ ፈሳሽ ለቀለምና ለጨርቃ ጨርቅ ሥራ ይውላል፤ በአንድ ተጨማሪ እርምጃ ደግሞ የሰናፍጭ ጋዝ ይሆናል። የሄግ ፍርድ ቤት ሰውዬውን በ2005 በጦር ወንጀል ተባባሪነት አሥራ አምስት ዓመት ፈረደበት፤ በይግባኝ ወደ አሥራ ሰባት ከፍ አለበት። ሻጭ ስለ ሸጠው ዕቃ መድረሻ ተጠየቀ ማለት ነው።

የሰናፍጭ ጋዝ ሲባል ደግሞ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። እኔም ወደዚያው ነኝ።

የጦር መሣሪያ ንግድን በዓለም አቀፍ ስምምነት የመቆጣጠር ሐሳብ ሲወለድ፣ በዋናነት የታሰበው ለአፍሪካ ነበር። በ1890 የብራስልስ ጉባኤ በካርታው ላይ ሁለት መስመር አሰመረ፤ ከሰሜን 20ኛው እስከ ደቡብ 22ኛው ኬክሮስ ባለው የአፍሪካ ምድር ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው ተባለ። ይህ ፍጹም ሐሰት አልነበረም፤ የባሪያ ፈንጋዩ ክንድ ጠመንጃው ነበር፣ የእኛም መሳፍንትና መኳንንት በዚህ ንጹሕ አልነበሩም። ነገር ግን ያው መስመር አፍሪካዊውን ከቅኝ ገዢው የሚከላከልበትን መሣሪያም ከለከለው። በ1919 በሳን ዠርማን የተፈረመው ስምምነት ክልሉን አሰፋው፤ ከሞላ ጎደል መላው አፍሪካ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ ተከለለ። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባም ይህን ሥርዓት እንደምትቀበል ቃል እንድትገባ ተደረገ።

በ1925 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ጉባኤ ከሁሉ ይገርመኛል። የተጠራው ስለ መሣሪያ ንግድ ነበር። የኢትዮጵያ ልዑካን አገራቸው ነፃና የማኅበሩ አባል ሆና ሳለች በልዩ ክልል ውስጥ መቆጠሯን ተቃወሙ፤ ተሳካላቸውም፣ ኢትዮጵያ ከክልሉ ወጣች። በዚያው ጉባኤ፣ በዚያው ጁን 17 ቀን፣ የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለው ፕሮቶኮል ተፈረመ። ጣሊያን ፈረመች፤ በ1928ም አጸደቀች። የመሣሪያ ንግዱ ስምምነት ግን በቂ አጽዳቂ አጥቶ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እንግዲህ በአንድ አዳራሽ ሁለት ወረቀት ተዘጋጀ፤ አንዱ ስለ መሸጥ፣ ሌላው ስለ መጣል። አሥር ዓመት ሲሞላ ሁለቱም እኛ ላይ ተፈተኑ።

ኦገስት 21 ቀን 1930፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን ከሁለት ወር በላይ ሲቀር፣ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ፓሪስ ላይ ስለ መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራረመች። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገር መከላከያና ለጸጥታ የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ በመንግሥታቸው ስም ሊያስገቡ፣ ጎረቤቶችም ሊያሳልፉላቸው። በዛሬው ቋንቋ ብናየው የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ ነው፤ ተጠቃሚው ታወቀ፣ መንግሥት ነው፣ ማኅተም አለው። ጣሊያንም ፈርማለች።

ቀጥሎ የሆነው በ1927 እና በ1928 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ከወልወሉ ግጭት በኋላ ጣሊያን ጦሯን በኤርትራና በሶማሊያ በኩል ስታከማች፣ ኢትዮጵያ ገንዘቧን ይዛ መሣሪያ ፍለጋ ወጣች። በጁላይ 1935 የእንግሊዝ ካቢኔ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ መውጫ ፈቃድ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ለጣሊያንም፣ ለኢትዮጵያም። በአሜሪካ ኮንግሬሱ በኦገስት መጨረሻ የገለልተኝነት ሕግ አወጣ፤ ጦርነቱ ኦክቶበር 3 ሲጀመር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሁለተኛው ቀን እገዳውን በሁለቱም ተፋላሚዎች ላይ አወጁ። እኩል ነው፤ ለጠገበውና ለተራበው በአንድ ቃል «ጹሙ» እንደ ማለት። ጣሊያን ፊያት አላት፣ አንሳልዶ አላት፣ ካፕሮኒ አላት፤ ታንኩን፣ መድፉን፣ አውሮፕላኑን ራሷ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ጠመንጃ የሚሠራ ፋብሪካ አልነበራትም። በአርበኛው ትከሻ ላይ የነበረው ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበንና በልጅግ ሁሉ የየራሱን ጥይት የሚፈልግ የየአገሩ ሥሪት ነበር፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። አያቴ ስለ ማይጨው ሲያወሩ ከጠላት ይልቅ ስለ ጥይት ቆጠራ ያወሩ ነበር። «ስንት ቀረህ?» ነበር ሰላምታው ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ነው። የአሜሪካው እገዳ የጠቀሰው መሣሪያ፣ ጥይትና የጦር ዕቃ ብቻ ነበር። ነዳጅ የጦር ዕቃ አይደለም። የጭነት መኪና የጦር ዕቃ አይደለም። ማርሻል ባዶሊዮን እስከ አዲስ አበባ ያደረሱት ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የመንግሥታት ማኅበር በኦክቶበር 11 የኢትዮጵያን እገዳ አንሥቶ በጣሊያን ላይ ብቻ እንዲሆን አድርጓል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ነዳጅን ግን ማኅበሩም ሳያካትት ቀረ። ሙሶሊኒ በኋላ፣ ነዳጁ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ግድ ይሆንብኝ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደ ነገረው፣ አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው አስፍሯል። ዛሬ ለሰላምም ለጦርነትም የሚውል ዕቃ እየተባለ ጥራዝ ሙሉ ዝርዝር የሚወጣለት ነገር፣ በዚያ ዘመን ነዳጅና መኪና ነበር ማለት ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ስድሳ ዓመት ቆይቶ። ንጉሠ ነገሥቱም ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ላይ ሲናገሩ ስለ ጋዙ ብቻ አልነበረም አቤቱታቸው፤ መሣሪያ መግዣና ማጓጓዣ መንገድ ስለ መዘጋቱም ነበር።

ይህን ታሪክ ተምሬ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ የመሣሪያ ቁጥጥር ሲባል ለረጅም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ፤ ኃያላን ደካማውን ባዶ እጁን የሚያስቀሩበት ወረቀት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 የጸጥታው ምክር ቤት በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ የመሣሪያ ማዕቀብ ሲጥል ተማሪ ነበርሁ። «1928 ተደገመ!» እያልን ከጮኽነው አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ቀኖቹን ሳስተያይ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። ጦርነቱ የተጀመረው በግንቦት 1998 ነው። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ሩሲያ ሱ-27 ለእኛ፣ ሚግ-29 ለኤርትራ ሸጠች፤ ለወንድማማች ጦርነት ከአንድ ሱቅ ተገዛ። ማዕቀቡ የመጣው የመጨረሻው ታላቅ ማጥቃት ከተከፈተ በአምስተኛው ቀን፣ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ምሽግ ለምሽግ ካለቁ በኋላ ነው። በዓመቱም አበቃ። የምንጮኸው ሊመጣ በሚገባው ጊዜ ስላልመጣ መሆን ነበረበት። እኛ ግን የጮኽነው በመምጣቱ ነበር።

ያ አስተሳሰቤ ጨርሶ የተናጋው በዚያው ማሽን ዘመን ነው። እኛ ቅጹን ሞልተን በምንጠባበቅበት በዚያው ዓመት፣ ሌላ የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት ከአውሮጳ ሌላ ዕቃ እየገዛ ነበር። ሳጥን የለውም፣ በመርከብ አይጫንም፣ ጉምሩክ አያየውም። የስለላ ሶፍትዌር ነው።

በመጋቢት 2013 የካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሲቲዝን ላብ፣ ፊንፊሸር የተባለው የአውሮጳ ኩባንያ ሶፍትዌር በብዙ አገሮች መገኘቱን ይፋ አደረገ። ኢትዮጵያም አለችበት፤ ማጥመጃው የግንቦት ሰባት መሪዎች ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶውን የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ በስተጀርባ ግን ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2014 ያው ተቋም ሁለተኛ ዘገባ አወጣ። ዲሴምበር 20 ቀን 2013፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ የኢሳት ባልደረቦች በአባሪ ፋይል ተሞከሩ፤ አንዱ ቤልጅየም፣ ሌላው ቨርጂኒያ። መሣሪያው ሚላኖ ላይ የሚሠራው የሐኪንግ ቲም ምርት ነበር። ፋይል ይቀዳል፣ ስካይፕ ያዳምጣል፣ ማይክራፎንና ካሜራ ይከፍታል። ኩባንያው የምሸጠው ለመንግሥታት ብቻ ነው ይል ነበር። በጁላይ 2015 እርሱም በተራው ተሰብሮ 400 ጊጋባይት ምስጢሩ አደባባይ ሲወጣ፣ ከደንበኞቹ መካከል የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተገኘ። ከጋዜጠኞቹ ጉዳይ በኋላም ስለ አዲስ ውል ሲደራደሩ እንደነበር ከደብዳቤዎቹ ታየ።

ውጭ ያሉት ዘመዶቼ በስካይፕ ሲደውሉ «እስቲ ስለ ጤና ብቻ እናውራ» ማለት የጀመሩት በዚያ ሰሞን ነበር። እናቴ ይህ ለምን እንደ ሆነ ሳይገባት፣ ልጆቹ ቀዘቀዙብኝ ብላ ታዝን ነበር።

እስቲ ሁለቱን ግዥዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለበሬ ክትባት የሚሆነው ማሽን አራት ገጽ ቅጽና አሥራ አንድ ወር። ሰው መኝታ ቤት ገብቶ ለሚያዳምጠው ዕቃ ምንም፤ በወቅቱ በዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ። ደግሞስ ቢኖር? «የመጨረሻው ተጠቃሚ ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነው፤ ሉዓላዊ መንግሥት፣ ሕጋዊ መሥሪያ ቤት፣ ማኅተም ያለው። የ1930ው ውል መልስም ይኸው ነበር፤ ያኔ መልሱ እውነተኛና በቂ ነበር፣ ምክንያቱም መሣሪያው የሚያርፈው በወራሪ ላይ ነበርና። በ2013 ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ስም ትክክል ሆኖ፣ ዕቃው የሚያርፈው በጋዜጠኛ ላይ ሆነ። ቅጹ ስለ ዕቃው ይጠይቃል፣ ስለ ገዢው ይጠይቃል፤ ስለሚያርፍበት ሰው የሚጠይቅ ሣጥን የለውም። ጋሼ በእርሳስ የጻፉት መልስ ቀልድ መስሎኝ ያጠፋሁት ለዚህ ነው፤ ለእርሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

በ1994 የቀዝቃዛው ጦርነቱ ኮኮም ሲፈርስ፣ በ1996 የዋሰናር ስምምነት በቦታው ተተካ። ጽሕፈት ቤቱ ቪየና ነው፤ ዛሬ 42 አገሮች አሉበት፣ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ። ሁሉ ነገር በሙሉ ድምፅ ይወሰናል፤ ፈቃድ መስጠትና መከልከል ግን የየአገሩ ጉዳይ ነው። በዲሴምበር 2013፣ የኢሳት ባልደረቦች በተሞከሩበት በዚያው ወር፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ባቀረቡት ሐሳብ የሰርጎ ገብ ሶፍትዌር በዝርዝሩ ገባ። ወደ አውሮጳ ሕግ የተዛወረው በ2015 መባቻ ነው። የጣሊያን መንግሥትም ለሐኪንግ ቲም መጀመሪያ አጠቃላይ ፈቃድ ሰጠ፤ በ2016 ነጠቀው። በአሜሪካ ደግሞ ትርጓሜው በጣም ሰፋ፣ የኮምፒውተርን ሕመም ፈልገው የሚያክሙትን ባለሙያዎችም ይጠልፋል ተብሎ ጩኸት ተነሣ፤ ጩኸቱ እውነት ነበረው። ደንቡ ተሻሽሎ እስኪወጣ 2021 ደረሰ። እኛ ማሽን እንደ ጠበቅነው ዓይነት ጥበቃ ነው፤ የቆይታው ዋጋ ግን አይመሳሰልም።

ዕቃው ያረፈበት ሰው በሌላ በር ቢሞክርስ? አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ሞክሯል። ሜሪላንድ ውስጥ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ፊንፊሸር ተገኘ፤ የስካይፕ ንግግሩና የቤተሰቡ የኢንተርኔት አሰሳ ሳይቀር ወደ ኢትዮጵያ ሲተላለፍ ነበር። ለደኅንነቱ ኪዳኔ በሚል ስም የኢትዮጵያን መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሰናበተው፤ ጥፋቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ፣ የውጭ መንግሥትን ልንዳኝ አንችልም አለ። ጣት አዲስ አበባ ቁልፍ ይጫናል፣ ሰውዬው ሜሪላንድ ይደማል፤ በመካከል ዳኛ የለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲቲዝን ላብ ሦስተኛ ሻጭ አገኘ፤ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ፣ ከዒላማዎቹም መካከል የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች። እስራኤል የዋሰናር አባል ባትሆንም ዝርዝሩን በራሷ ሕግ እከተላለሁ ትላለች።

እንግዲህ በ1935 ተገፍተን ነበር፤ በዚህኛው ታሪክ ግን ገዢው እኛው ነን። ይህን ማለት ለብዙ ወዳጆቼ ይከብዳል። በኖቬምበር 2021 የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን የመሣሪያ መውጫ ፈቃድ ከሚነፈጋቸው አገሮች ተርታ ሲያስገባ፣ በዚያ ሰሞን የሰማሁት ሁሉ የማይጨው ታሪክ ነበር። አንድ የቅርብ ወዳጄ «ያኔም ጥይት ነሱን፣ አሁንም ነሱን» ብሎ ጻፈልኝ። የሚያርፍበት ማን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም፤ ለጥቂት ወራትም አላናገረኝም። ሌላው ወገን ንጹሕ ነበር ማለቴ አልነበረም፤ በዚያ ጦርነት ንጹሕ ወገን ፈልጌ አላገኘሁም። ነገር ግን በ2022 የገና ሰሞን ሌሊት ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ትምህርት ቤት በድሮን ተመታ፤ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከስፍራው የተነሣው ስብርባሪ ቱርክ ሠራሽ የሆነ ትንሽ ቦምብ ነበር። ቱርክ የዋሰናርም፣ የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥሩም አባል ናት። የሚሳይሉ ስምምነት አጥብቆ የሚከለክለው 500 ኪሎ ተሸክሞ 300 ኪሎ ሜትር የሚሄደውን ነው፤ ባይራክታር ቲቢ-2 የሚሸከመው 150 ኪሎ ነው። በሰማንያዎቹ የኑክሌር አረር እያሰቡ ያሰመሩት መስመር፣ ለደደቢት የሚበቃውን ክብደት እንደ ቀላል ዕቃ ያሳልፈዋል።

አንድ ለውጥ መምጣቱን ግን ልደብቅ አልችልም። በሴፕቴምበር 2021 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የአውሮጳ ኅብረት ደንብ፣ በዝርዝሩ ያልተጻፈ የስለላ ቴክኖሎጂ እንኳ ቢሆን፣ ለውስጥ ጭቆና ወይም ለከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ሊውል እንደሚችል ከተነገረው ሻጩ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል፤ ራሱ አጣርቶ ከደረሰበትም ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። የሚያርፍበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጹ ጠርዝ ላይ ታየ። ፈቃዱን የሚሰጠው አሁንም የየአገሩ ሹም ነው፤ ደንቡ በወጣ በጥቂት ወራት ግሪክ ፕሬዴተር የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ወደ ማዳጋስካር እንዲሸጥ ፈቅዳለች። የ2013ቱ የጦር መሣሪያ ንግድ ውልም ሻጭ መንግሥት መሣሪያው ሰላማዊ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት እንዲመዝን ያዛል፤ ሆኖም ስለ ታንክ፣ ስለ መድፍ፣ ስለ አውሮፕላን እንጂ ስለ ሶፍትዌር አይናገርም።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወደ ጋሼ ደወልሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ማሽኑ ግን አሁንም ይሠራል አሉኝ፣ አንዱ ፓምፕ ብቻ ተቀይሮለታል። የፓምፑም መለዋወጫ ሌላ ቅጽ ጠይቆ ነበር። ስለ «በሬው» ሳስታውሳቸው ሳቁና፣ «የኛ ግልባጭ ከፋይሉ አለ፤ በላጲስ ብታጠፋውም ወረቀቱን ወደ መስኮት ብታዞረው ይነበባል» አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። ይነበባል።